ሰባተኛው ፍሬትና ጋሼ ተሰማ

ጅቡቲ ከተማ በምኒልክ አደባባይ ካለ አንድ ሆቴል ጊታር መቺ ሆኜ የገባሁበት ቀን ሙቀቱ እንኳን ሰውን ክርንም ያላላ ነበር። ጣልያን አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አለቃችን ቫዮሊን የሚጫወተው ግሪካዊው ሙሴ ያኒ ነበር፤ እኔ ከኋላው አጅበዋለሁ። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ክራር ነው። ጊታሩን በሁለት ወር ለመድኩት፤ ያውም ላይ ላዩን።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተሞገስኩ። በጊታሩ አንገት ጫፍ የሚያዙት ኮርዶች፣ ባንድነት የሚመቱት ድምፆች፣ አያስቸግሩም። ጣጣው የመጣው ሙሴ ያኒ ወደ ሰባተኛው ፍሬት፣ አንገቱን ወደሚያቋርጠው ሰባተኛ የብረት ዘንግ፣ የሚወስድ ዜማ ሲጀምር ነው። እዚያ ላይ ሌባ ጣትን በስድስቱም ክሮች ላይ ማጋደም ያስፈልጋል፤ ባሬ ይሉታል። የእኔ ባሬ ሁለቱን ክር ያሰማና አራቱን ያፍናል።

ምክንያቱን ዛሬ አውቀዋለሁ። ክራር መቺ ግራ እጁን ክሮቹ ላይ የሚያሳርፈው ዝም ሊያሰኛቸው ነው፤ እንዲጮህ የፈለገውን ክር ጣቱን አንሥቶ ይለቀዋል። የእኔም ጣት በልማዱ ይዳስሳል እንጂ አይጫንም። ያኔ ግን በእንጨቱ አመካኘሁ።

የጊታሩን አንገት የጅቡቲ ወበቅ አጉብጦት ነበርና ያቃኑት ጋሼ ተሰማ ናቸው። ከባቡር ጣቢያው ሥራ ዕድሜ ያስወጣቸው አናጢ ነበሩ፤ የሆቴሉን ወንበር እየጠገኑ ቋሚ ሠራተኛ መሆንን ይጠባበቃሉ። እኔን እዚያ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሴ ያኒ ጨዋታውን አቋርጦ አስጠራቸውና፣ ጥፋቱ የእጅህ ነው ወይስ የአናጢው ሲል በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ። ዐይኔን በጨው አጥቤ የአናጢው ነው አልኩ። ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ ነበር።

ጋሼ ተሰማ ፈረንሳይኛ ይሰማሉ። አልተቆጡም። ሙሴ ያኒ ወደ ደንበኞቹ ሲዞር ጊታሩን ተቀብለው፣ ሰባተኛው ፍሬት ላይ ክሮቹን አንድ በአንድ እየተጫኑ መቱ። ስድስቱም ጥርት ብለው ጮኹ።

«ሰማህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

በማግስቱ ከሆቴሉ አሰናበቷቸው።

ሃፍረቱ ቢያንገበግበኝም ለመናገር አላበቃኝም፤ ልምምዱን ተያያዝኩት። ጣቴን በሥጋው ሳይሆን በአጥንታም ጎኑ አጋደምኩ፤ ወደ ፍሬቱ አስጠጋሁ፤ ክርኔን ወደ ጎኔ ሰበሰብኩ። በሦስት ሳምንት፣ በዚያው ጊታር፣ ባሬው ጠራ። ሙሴ ያኒ ደስ ብሎት፣ ለሌላ አናጢ አሳየኸው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። አብልጦ የሚቆጨኝ ይህ ሁለተኛው ውሸት ነው፤ ያን ቀን የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም።

ይቅርታ ልጠይቅ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ስሄድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። መሣሪያቸውን ጠቅልለው በባቡር ወደ ድሬዳዋ መውጣታቸውን ጎረቤታቸው ነገረችኝ። ስለ እኔ ያሉት ነገር እንዳለ ጠየቅኋት።

«ጊታር የሚመታው ልጅ ከመጣ፣ ጊታሩ ደኅና ነው፣ ጣቱ ክራሩን ይርሳ በሉት ብለዋል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ አላገኘኋቸውም።

ባሬ የምትለማመዱ፣ ክር ሲታፈንባችሁ ለየብቻው ተጭናችሁ ሞክሩት። ለብቻው ከጮኸ ጥፋቱ የእጃችሁ ነው። ያንኑም እዚያው ተናገሩ።