ትከሻዬን የመለሱት ወጌሻ

ነቀምት በአስተማሪነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አንዲት ባልደረባዬ ከነቀምት ወጣ ብላ ባለችው በኡኬ ስትዳር ለሠርጓ ሄድኩ። ከመኪና መንገዱ እስከ ቤተሰቦቿ ቤት ያለው ጭቃ የሚያስኬድ ስላልነበረ በቅሎ ላኩልኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና በቅሎ አልፈራም። ጅረቱ ዳር ስንደርስ ግን በቅሎዋ ድንገት አዳልጧት ጎንበስ ስትል በቀኝ ጎኔ ድንጋይ ላይ ወደቅሁ። ስነሳ ክንዴ የሌላ ሰው ክንድ መሰለኝ። ትከሻዬ ጎድጉዷል፤ ብብቴ አጠገብ የማላውቀው ጉብታ ወጥቷል። የእጄ አንጓም ማበጥ ጀምሯል።

ሠርገኛው እንዳይረበሽ ለሙሽራይቱ አልተነገራትም። አክስቷ ክንዴን በነጠላ ደረቴ ላይ አስራ፣ ወደ ነቀምት በሚመለስ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀመጠችኝ። መንገዱ ላይ የነበረውን ጉድጓድ ሁሉ ትከሻዬ ቆጥሮታል።

የቤት አከራዬ የወንጌል አማኝ የሆኑ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እኩል የሚናገሩ መበለት ነበሩ። እንደ አካባቢው ሰው እኔም «አዴ» እላቸዋለሁ። አዩኝና ብዙም አልጠየቁኝም፤ ከጓዳ ቅቤ በቅል ይዘው ወጡ።

«ተነሽ፣ ገና ፀሐይ አለ። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አንድ ወጌሻ አሉ።»

አገሬ ሳለሁ ሁለት ጎረምሶች ታማሚ ጨምድደው ይዘው ወጌሻው ሲያሽ፣ ጩኸቱ ሦስት ቤት ተሻግሮ ሲሰማ አውቃለሁ። ሌላም ስጋት ነበረኝ። እየሄድን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቅኋቸው።

«አዴ፣ ድግምት ምናምን የለበትም አይደል? እኔ ቆራቢ ነኝ።»

«እኔስ ጸሎት ቤት የምውል አይደለሁም? ድግምት ያለበት ቤት የምወስድሽ ይመስልሻል?» አሉና ትንሽ ተቀየሙኝ።

ወጌሻው ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበታም ገበሬ ናቸው። ከእርሻ ገና መመለሳቸው ነበር። ከአዴ ጋር ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናቡ ተራ በተራ ሲጠያየቁ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ እንዲጣደፉ እጸልያለሁ። አልተጣደፉም። እጃቸውን በሙቅ ውሃ ታጥበው፣ መደቡ ላይ ቁርበት አንጥፈው አስቀመጡኝና መጀመሪያ የነኩት ደህናውን ትከሻዬን ነው።

«ያመመኝ ይኼኛው ነው» አልኩ።

አዴ ተረጎሙላቸው። ሰውየው ፈገግ ብለው በኦሮምኛ መለሱ።

«ደህናው እንዴት እንደተሠራ ሳላውቅ የታመመውን ወዴት እመልሰዋለሁ? ይሉሻል» አሉኝ አዴ።

ከዚያ ቅቤውን በመዳፋቸው አሟሙቀው የታመመውን ዙሪያውን ያሹ ጀመር። ጅማቱ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ባመመኝ ቁጥር ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ትንሽ ይቆዩና ከሌላ በኩል ይመጣሉ። እንዴት እንደሚያውቁ ገርሞኝ አስጠየቅኋቸው።

«ሰው ከማከሜ በፊት ጥጃና በቅሎ ነበር የማክመው። እነሱ የት እንደሚያማቸው አይናገሩም» አሉ።

ረዘም ካለ መታሸት በኋላ ጅማቱ ላላ። በጀርባዬ አስተኝተውኝ፣ ተረከዛቸውን በነጠላ ጠቅልለው ብብቴ ሥር አደረጉና ክንዴን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሱታ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ቀስ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። መንጨቅ የጠበቅሁት እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አልነጨቁም። ከባድ በር እንደሚከፍት ሰው ቀስ ብለው፣ ሳያቋርጡ ሳቡ። አንድ ደብዛዛ ድምፅ ተሰማኝ፤ ወጥቶ የነበረው ጉብታ ቦታው ገባ። ሕመሙ በአንዴ ሲለቀኝ እንባዬ መጣ፤ ከዚያ ሳቅ ተከተለው። አዴም አብረውኝ ሳቁ።

አንጓዬን ግን በሁለት ጣታቸው ዳበስ አድርገው ተዉት፤ ያሉትን አዴ ተረጎሙልኝ።

«ይህን አልነካም። ውስጡ የተሰነጠቀ አለ። ነገ ሆስፒታል ሄደሽ በራጅ ይዩልሽ።»

እሺ ብዬ በማግስቱ ሄድኩ። ራጁም ሰውየው በጣት ያገኙትን ስንጥቅ አሳየ። ሐኪሙ አንጓዬን በጀሶ ካሰሩልኝ በኋላ ትከሻዬን አዟዙረው ፈተሹና ማን እንደመለሰው ጠየቁኝ። ስነግራቸው «እኔም ከዚህ የተሻለ አልመልሰውም ነበር» አሉ።

ጀሶው እስኪፈታ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው በግራ እጄ ሆነ። ፊደሎቼ ሁሉ ወደ አንድ ወገን እየተጋደሙ፣ ተማሪዎቼ አንገታቸውን አዘንብለው ያነቡልኝ ነበር። ሁልጊዜ ቅዳሜ ደግሞ ቡርቃ ጃቶ እሄዳለሁ። ወጌሻው ትከሻዬን ያሹልኛል፤ ቀጥሎ በግድግዳው ላይ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ እንዳስኬድ ያዝዙኛል። የደረስኩበትን በከሰል ያሰምሩበታል። መስመሩ በየሳምንቱ ከፍ ሲል እሳቸው ከእኔ የበለጠ ደስ ይላቸው ነበር።

ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ አዴን ማስከተል ተውኩ። ወጌሻው አማርኛ፣ እኔ ኦሮምኛ አንችልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እየነኩ ይነግሩኛል፣ እኔም እደግማለሁ፤ ሀርከ እጅ፣ ገቴቲ ትከሻ፣ ለፌ አጥንት። ስሳሳት ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ያርሙኛል። እዚህ አገር ሁለት ዓመት ስኖር በተርጓሚ መኖሬን ያሰብኩት ያኔ ነው።

ጀሶው በተፈታ ሰሞን ለብቻዬ ገበያ ወጣሁ። አንዲት ነጋዴ ፊት ቆሜ በኦሮምኛ ሰላምታ ካቀረብኩ በኋላ ሽንኩርት ለመጠየቅ አፌን ብከፍት ቃሉ የለኝም። ከራስ ቅል እስከ ቁርጭምጭሚት መጥራት እችላለሁ፤ ሽንኩርት ግን ማን አስተማረኝ? በጣቴ ብጠቁምላት ሴትዮዋ ገባት። አንዱን አንስታ «ቁሉቢ» አለችኝና፣ አጥርቼ እስክደግመው ድረስ ከእጇ አልለቅም አለች።