ስም የጠፋባቸው ገጾች

ባለፈው ሰበታ መናኸሪያ አጠገብ ቆሎ ገዛሁ። ሻጯ ፌስታል አልቆባት ነው መሰለኝ፣ ከአንድ ያረጀ መጽሐፍ ገጽ ገነጠለችና ሾጠጥ አድርጋ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቆሎው ትኩስ ነበር። ሙቀቱ ወረቀቱን ሲያገኘው ያ የማውቀው ሽታ ወጣ፤ የከረመ ወረቀት፣ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ሻጋታ። ቆሎውን ቦርሳዬ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ። የማነበው ለቁም ነገር አይደለም፤ ገጹ ላይ የሰው ስም መኖሩን ለማየት ነው። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ እንደ እብድ አየኝ። ምን ያድርግ፣ ጋሽ ነስሩን አያውቃቸው።

ጋሽ ነስሩ ቡራዩ፣ እኛ ሰፈር መግቢያ ላይ ሱቅ ነበራቸው። አባታቸው ከስልጤ ለንግድ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ቦታውን የገዙት ከኦቦ ገመቹ ነው፤ ግቢያቸውም በአንድ አጥር የሚለይ ነበር። እናቴ ሆለታ አበባ እርሻ ትሠራ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ የማመሸው እሳቸው ዘንድ፣ በዘይት ጀሪካንና በሳሙና ካርቶን መሃል ነው። ሱቁ በርበሬና ላምባ ይሸታል። ሰፈሩ በሙሉ ወደ ፌስታል ሲዞር እሳቸው በወረቀት ጸኑ። ከቆራሌው በኪሎ ይገዙታል፤ አሮጌ የታሪክ መጽሐፍ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብወለድ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም የማይታወቅ የመንገደኛ ትረካ። ታዲያ ገጹን ሳያነቡ ስኳር አይጠቀልሉበትም። ደንበኛ ተገትሮ ይጠብቃል። «ጋሽ ነስሩ፣ እኔ የገዛሁት ስኳር ነው እንጂ ወሬ አይደለም» ሲሏቸው፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩ «ወሬው ምርቃት ነው» ይላሉ።

ሙሉ መጽሐፍ ደርሶን ስለማያውቅ ታሪኩን መከታተል አይቻልም። ስለዚህ የምንከታተለው ቃላቱን ሆነ። ከተለያየ መጽሐፍ የመጡ ገጾችን ባንኮኒው ላይ እንዘረጋና የሚደጋገሙትን እንደ ምስር እንለቅማለን። መንገደኛ ያለበት ገጽ ላይ ውሃ አይጠፋም። የረሀብ ገጽ ላይ ሁልጊዜ በሬው ከልጁ በፊት ይሞታል። እኔ ቀድሜ ካገኘሁ ከረሜላ አለኝ። በዚህ ዘዴ ብዙ ጥርስ አበላሽቻለሁ።

አንድ ቀን ሦስት ገጾች ለይተው አስቀመጡልኝ። በወረቀትም በፊደልም አይገናኙም፤ ሦስቱም ግን ስለጠፉ ከተሞች ይናገራሉ። «መቅደስ፣ እስኪ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። ከላይ ሰው ሁሉ ስም አለው፤ ሸማኔው እከሌ፣ ባለወፍጮዋ እከሊት። መሃል ላይ ስሞቹ ይጠፉና «እነዚያ ሰዎች» የሚለው ይተካቸዋል። ከታች ጭስ አለ። አራተኛ ገጽ ፈለግን፣ ተገኘ። አምስተኛም አልጠፋም። የእሳቱ ምክንያት ከገጽ ገጽ ይለያያል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። ከረሜላዬን ጠበቅኩ። ጋሽ ነስሩ ግን ገጾቹን አጣጥፈው አስቀመጡ፤ ስኳርም ሳይጠቀልሉባቸው ቀሩ።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ወሬ የተጀመረበት ነበር። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም ሊጠቃለሉ ነው ይባላል። በኦቦ ገመቹ የጤፍ ማሳ ላይ አናቱ ቀይ የተቀባ ችካል ተተከለ። ዛሬ ሱሉልታ መንገድ ተዘጋ፣ ነገ ተማሪ ታሰረ ይባላል። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ሰው ጨው እየገዛ «እነዚህ ሰዎች እኮ» ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን የገጾቹ ቃል ትዝ አለኝ። ጋሽ ነስሩን አየኋቸው፤ ሰምተዋል። የጠቀለሉትን እንደያዙ «ማን?» አሉ። ሰውየው ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ «ኤኙ?» ይሉታል። ስም ካልተጠራ እጃቸው አይዘረጋም። ገሚሱ ይስቃል፣ ገሚሱ ተናዶ ከማዶ ሱቅ ይገዛል። የሚስታቸው ወንድም ከመርካቶ መጥቶ «እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ጉድ ይሠሩሃል፣ ሸጠህ ውጣ» ቢላቸው እሱንም አላለፉትም።

«ማን? ገመቹ ነው ጉድ የሚሠራኝ? እህትህ ምጥ ሲይዛት በጋሪው ያደረሳት ገመቹ?»

ይህ «ማን?» መልስ ያጣው ከራሳቸው ከኦቦ ገመቹ ዘንድ ነው። አንድ ምሽት መጥተው ባንኮኒው ላይ ክንዳቸውን ጣሉ።

«እነዚያ ሰዎች ደግሞ መጡ» አሉ። «ሜትር ይዘው።»

«ማን ናቸው?»

«ስማቸውን የነገሩኝ መሰለህ፣ ነስሩ? የኔን ስም ግን ያውቃሉ። ወረቀታቸው ላይ አለ።»

ጋሽ ነስሩ ለስላሳ ከፍተው ሰጧቸው፤ ኦቦ ገመቹ ሳይጠጡት ሄዱ።

ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን አንድ ቀን ትምህርት ቤት በጊዜ ተለቀቀ። ወደ ሱቅ ሮጥኩ። ከአስፋልቱ በኩል መጀመሪያ ዘፈን፣ ቀጥሎ ተኩስ፣ ቀጥሎ ሩጫ ተሰማ። ጋሽ ነስሩ የቆርቆሮ በሩን ከውስጥ ዘግተው ከባንኮኒው ሥር አስቀመጡኝ። ድንጋይ በሩን ሲመታው ጆሮዬን እይዛለሁ። እሳቸው በስንጥቁ ወደ ውጭ ያያሉ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚነግሩ ይመስል፣ «ቶሎሳ ነው» አሉ። ቶሎሳ የኦቦ ገመቹ ልጅ ነው። ኳሱ ጣሪያችን ላይ በወጣ ቁጥር መሰላል የሚለምነን ቶሎሳ። ላምባ የተነከረ ጨርቅ አቀጣጥሎ በረንዳው ሸራ ላይ ሲወረውር አዩት። ሱቁ ስለተዘጋ ውስጥ ሰው ያለ አልመሰለውም ይሆናል፤ እኔ እንደዚያ ማመን እፈልጋለሁ።

በጓሮ በር ወጣን። አጥሩን ከዚያ ወገን ነቅለው ያሳለፉን ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ውሃ በባልዲ ያመላለሱትም እሳቸው። የሱቁ ግማሽ ነደደ። ወረቀት ነውና መጀመሪያ የሄዱት ገጾቹ ናቸው።

በማግስቱ ሁለት መለዮ ለባሾችና አንድ ኮት የለበሰ ሰው መጡ። በዚያ ሰሞን ስሙ የተጠራ ልጅ ሌሊት ይወሰዳል፤ የት እንደገባ እናቱም አታውቅም። ኦቦ ገመቹ አጥሩ ጋ ቆመዋል፣ እጃቸው ገና ጥላሸት ነው። ልጃቸው ወጥቶ ማደሩን ያውቃሉ፤ የቀረውን ገምተውት ነበር መሰለኝ፣ ቀና ብለው አላዩንም።

«ማን እንደሆነ ስም ይጥሩልን» አለ ኮት የለበሰው።

ጋሽ ነስሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እነዚያ ሰዎች ናቸው» አሉ።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«እነዚያ። አንዳቸውንም አላውቅም።»

«ዕድሜዎን ሙሉ እዚህ ኖረው አንድ ሰው አያውቁም?»

«ዓይኔ ደካማ ነው።»

«እነዚያ ሰዎች» የሚለውን ከሳቸው አፍ ስሰማ ሱቁ ዳግም የነደደ መሰለኝ። እሳቸውም እንደገጾቹ ሆኑ ብዬ ተናደድኩባቸው። ሰውየው ወደኔ ሲዞር ግን የጋሽ ነስሩ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ጫን አለኝ። ያኔ ገባኝ። ጫማዬን ማየት ጀመርኩ፣ እስኪሄዱም ቀና አላልኩም። ኦቦ ገመቹ አጥሩን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

ጋሽ ነስሩ ከዚያ በኋላ አልቆዩም። ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ መርካቶ ሄዱ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እዚያው አረፉ። እንደ አባት የምወዳቸውን ሰው ቀብር አልደረስኩም፤ የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነው። ከሳቸው የቀረኝ ዕቃ የለም። የቀረኝ ያ አንድ ስም ነው፣ እሱንም ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ቶሎሳ አሁን ከአሸዋ ሜዳ ሆለታ ሚኒባስ ይነዳል፤ ሁለት ልጆች አሉት። ከሰበታ በተመለስኩ ሰሞን ገቢና አስቀመጠኝ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ታጠቅን እንዳለፍን ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ጠየቀኝ።

«መቅደስ፣ ጋሽ ነስሩ ያን ቀን አይተውኝ ነበር?»

አላዩህም ብል ቀላል ነበር። ለዚያ ዓይነት ጥያቄ ግን እሳቸው ያስተማሩኝ መልስ አንድ ብቻ ነው።

«በስምህ ጠርተውሃል» አልኩት። «ከኔ በቀር የሰማ የለም።»

መኪናውን ቀስ ብሎ ዳር አስያዘና አቆመው። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቀረ። ረዳቱ ከኋላ «ወራጅ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።