የሚያውቀውን ለምን ጠየቀ?

በኬንያዋ ሞያሌ ፖሊስ ጣቢያ፣ የታሰርኩበት ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ቢጫ ጀሪካን ነው። ቀጥሎ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። ሽርጣቸው ፍየል ፍየል ይሸታል።

«ምን ይዘህ ነው የታሰርከው?» አሉኝ በሩ እንደተዘጋ።

«ወረቀት።»

«እኔ ፍየል ይዤ ነው። የአንተ ይሻላል፤ ውሃ አጠጣኝ አይልም።»

ከማዶው ሞያሌ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ ፍየል የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው። ሐጂ አልኳቸው።

እኔን ቦዳቦዳ ከሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ነው ያወረዱኝ። በዚያ ሳምንት መታወቂያ የላችሁም ተብለው ስለታፈሱ ወጣቶች በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ተናግሬ ነበር። ቦርሳዬን ሲፈትሹ ያሳተምኳቸውን ገጾች አገኙ። መሐል ላይ ከኦሪት ዘፍጥረት አንድ ጥቅስ አለ፤ ዙሪያውን የአይሁድ መምህራን፣ የረቢዎች፣ ትርጓሜ በዕብራይስጥ ፊደል ከቦታል።

«ይህ የማን ምስጢር ነው?» አለ መርማሪው በስዋሂሊ።

ለሃይማኖት ትምህርት የምጽፈው ነገር እንደሆነ፣ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ራሴ ፈልጌ እንዳገኘሁት ነገርኩት። ገጹን ገልብጦ አየና ወደ ጎን አደረገው።

«ስብሰባውን የጠራው ማን ነው? እስከ ነገ ስሙን ከነገርከኝ ለፈተናህ ትደርሳለህ። ካልሆነ ታስረህ ናይሮቢ ትወሰዳለህ።»

የጠራው ጓደኛዬ ነው። ጠዋት እንደያዙት ሰምቻለሁ። የቀራቸው ስሙን ከእኔ አፍ መስማት ነበር።

ሐጂ ስለ ወረቀቱ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፦ አዳም ከዛፉ በልቶ ተደበቀ፤ እግዚአብሔርም «ወዴት ነህ?» አለው። ሁሉን የሚያውቅ ለምን ይጠይቃል? በእኛ ቤተ ክርስቲያን መምህራኑ «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ይፈቱታል። አይሁዶችስ ምን ይላሉ ብዬ ነው ፍለጋ የገባሁት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ከብዙ ገጽ በኋላ የአንድ ረቢ መልስ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አገኘሁ፦ ያለበትን ያውቃል፤ የጠየቀው ወሬ ለመጀመር ነው፣ ሰውየው ደንግጦ መልስ እንዳያጣ።

ሐጂ ጺማቸውን እያሻሹ አሰቡ።

«እኔ ሌላ አለኝ።»

«እርስዎም ረቢ ሆኑ?»

«ስማ እንጂ፣ ልጄ። እጁን ይዞ ማውጣት አያቅተውም። ግን ሰውየው ራሱ ከተደበቀበት እንዲወጣ ፈለገ።»

ይህ ከረቢው መልስ ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ? እስከ መግሪብ ሶላት ተከራከርን።

«ያንተ መርማሪስ?» አሉኝ ሐጂ ሶላታቸውን ሲጨርሱ። «እሱም የሚያውቀውን ነው የሚጠይቅህ።»

«እሱ እንድደነግጥ ነው።»

በማግስቱ መርማሪው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ ግን አልናገርም» አልኩት።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎልማሳ ሰው ገፍተው አስገቡ። ዘበኛው በሩ ላይ «ይሄ ከኡራን መንደር የመጣው ነው» ሲል ሐጂም እኔም ሰምተናል። ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ምንጣፌ ላይ ጠጋ አልኩለት።

«ከየት ነህ፣ ወንድሜ?»

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ።

«ከኡራን» አለ ሰውየው ዞር ብሎ። ተቀመጠና ስለ ከብቶቹ ያወራ ጀመር።

ናይሮቢ አልወሰዱኝም። እኔንም ጓደኛዬንም ያለ ክስ ለቀቁን፤ ፈተናው ግን አልፎኝ ነበር። ገጾቹን እንደገና አሳትሜ ጽሑፌን ጨረስኩ። ከረቢው ትርጓሜ ቀጥሎ የሐጂን አስገባሁ። መምህሬ ከጎኑ በቀይ «ይህን ያለው ማን ነው?» ብሎ ጽፎ መለሰልኝ።

ጥያቄውን ሳየው መርማሪው ትዝ አለኝ። ይህ ጠያቂ ግን እውነትም አያውቅም። ቢሮው ሄጄ፣ ወንበር ስቤ፣ ከቢጫው ጀሪካን ጀምሬ ነገርኩት።