ከማማ ኑራ ጋር የተራመድኩት ስድስት ደቂቃ

ሪያድ፣ ሺፋ ሰፈር፣ ማማ ኑራ የሚባሉ አሮጊት ቤት ስሠራ ነው ይህ የገጠመኝ። ማማ ኑራ ወደ ሳንባ የሚወስደው የደም ሥራቸው ግፊቱ በርትቶ፣ ደሙን የሚገፋው የልባቸው ቀኝ ጎን አብጦና ደክሞ ነበር። ሆስፒታል ለክትትል ሲሄዱ የምደግፋቸው እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት አቅማቸው እንዲለካ ኮሪደሩ ላይ ስድስት ደቂቃ እንዲራመዱ ታዘዙ።

«ሰው ፊት ብቻዬን አልመላለስም፤ ዘሃራ ከሄደች እሄዳለሁ!» ብለው ወደ እኔ እያመለከቱ ድርቅ አሉ።

እያፈርኩ አብሬያቸው ተነሳሁ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ግድግዳ ያዝኩ።

«ያላ ዘሃራ፣ ነይ እንጂ! በሽተኛዋ እኮ እኔ ነኝ!» ብለው ሳቁ። የአገሬ ልጅ የሆነችው ነርስም ሳቀች። እኔ ግን ለመሳቅም ትንፋሽ አልነበረኝም። ቤት ውስጥ ደረጃ ስወጣም እንዲሁ ያደርገኝ ነበር። የሥራ ድካም ነው እያልኩ ዝም አልኩ፤ ደግሞስ ታመምኩ ብል ማን ያሠራኛል?

ነርሷ የኦክስጅን መለኪያውን ከማማ ኑራ ጣት አውልቃ እኔ ጣት ላይ አደረገችው። ቁጥሩ ዝቅ ማለቱን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

«እህቴ፣ እግርሽ ያብጣል?» አለችኝ በአማርኛ።

«ማታ ማታ ያብጣል።»

ማማ ኑራ የምንባባለው ባይገባቸውም ፊታችንን አይተው ደነገጡ። «ኸላስ፣ በቃ፣ የእሷንም ልብ እዩልኝ!» ብለው ሐኪሙን አስጨነቁት። እኔን አስተኝቶ በአልትራሳውንድ ያየኝ ጀመር። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት።

«ይሄማ ያበጠው የእኔ ልብ ነው፤ ያለፈውን ምርመራዬን ለምን ታሳየኛለህ?» አሉት።

«አይደለም ማማ፣ የእሷ ነው» አላቸው።