ሦስተኛው «ቤቶች!»

ስድስት ቀጫጭን መጻሕፍት አርሜ በቀይ እስክሪብቶ ማርክ ሰጥቻለሁ። በዚያ አልጸጸትም። ለሰባተኛው የሰጠሁትን ግን ብችል ዛሬም እፍቀዋለሁ።

እንጅባራ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ለትምህርት ቤታችን በእርዳታ የመጣ የመጽሐፍ ካርቶን ስንፈታ፣ ከሥር ሽፋናቸው ላይ ዘንዶ የተሳለባቸው ስድስት ያረጁ መጻሕፍት ወጡ። ልብ ወለድ መስለውኝ ነበር፤ ጨዋታ ሆነው ተገኙ። አንዱ መሪ ሆኖ መጽሐፉን ይይዝና ዋሻውን፣ በሩን፣ ጭራቁን ይተርካል። ሌሎቹ ተጓዥ ሆነው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ይሳካላቸው እንደሆነ የሚወስነው ሉዶ ላይ እንደሚጣለው ያለ፣ ግን ሃያ ገጽ ያለው ጠጠር ነው። ጠጠሩ ከካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። ሃያ ቆርኪ ለቅመን ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፍንባቸውና ካልሲ ውስጥ ከተትናቸው፤ ትልቅ ቁጥር ያወጣ ይሳካለታል።

አራት ነበርን። እኔ፣ ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡት ባለሱቅ፣ እና ጓደኛዬ የሒሳብ መምህሩ። ጓደኛዬ የአዘና ልጅ ነው፤ ቤት ውስጥ አገውኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚናገር፣ በሁለቱም ቋንቋ ዝምተኛ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል እንሰበሰባለን። እንግሊዝኛው ስለሚቀናኝ መሪው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ዕለት ተጓዦቹ የጭራቆቹ ዋሻ በር ላይ ደረሱ። «ምን ታደርጋላችሁ?» አልኩ።

ባለሱቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቤቶች! እላለሁ» አሉ።

«አባባ፣ ዋሻ እኮ ነው። የሚኖሩበት ጭራቆች ናቸው።»

«ይኖሩበት የለ? ታዲያ ሳይጠሩ ይገባል እንዴ፣ መምህር?»

ነርሷም ጓደኛዬም በእሳቸው ተስማሙ። መጽሐፉን ከፊት ወደ ኋላ ገለበጥኩት። በሩን ለሚሰብር፣ በመስኮት ለሚሾልክ፣ እሳት ለሚለቅ ሁሉ መልስ አለው፤ ለሚጠራ ሰው ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፈለትም። «ማንም አልመለሰም» አልኳቸው። ቆመው ጠበቁ። ጠብቀው ሳይጨርሱ ጭራቆቹ ከኋላ መጥተው ፈጇቸው።

ማታውኑ ደብተሬን አውጥቼ ግምገማ ጻፍኩ። ማረም ልማዴ ነው፤ የምግብ ቤት ሜኑ እንኳ ሳላርም አላልፍም። መጽሐፉን ከአሥር ስምንት ሰጠሁት፤ ጥፋቱን ሁሉ በተጫዋቾቹ ላይ ላከክሁ። በሳምንቱ ሳነብላቸው ከት ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቁን ወደድኩት። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ግምገማ ሆነ፤ ቀልዱም እየከረረ ሄደ። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ስንደርስ «ቤቶች!» የሚል ጠፋ። ባለሱቁ ራሳቸው «በሩን በእርግጫ እለዋለሁ» ማለት ጀመሩ። አልፎ አልፎ ጓደኛዬ «እዚያ የሚኖሩት ምን አደረጉን?» ሲል የምንሰማው አልነበረም።

ስድስቱ አለቁ። አንድ እሑድ ጓደኛዬ በእጁ የጻፈው ደብተር ይዞ መጣ። «ዛሬ እኔ ልምራ» አለ። ክረምቱን ሙሉ ሲጽፈው እንደከረመ ነርሷ ነገረችኝ። ታሪኩ የእኛው አገር ነበር። የመንደሩ ምንጭ ደርቋል፤ ለምን እንደደረቀ የሚያውቁት ከዘንገና ሐይቅ ማዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ግቢያቸው በቀርቀሃ ታጥሯል።

«በሩ ላይ ደረሳችሁ» አለ። ቀና ብሎ አየን፤ በተለይ እኔን።

«በእርግጫ እለዋለሁ» አልኩ። ቆርኪ አወጣሁ፤ አሥራ ዘጠኝ። በሩ ተገነጠለ። ቤቱ ባዶ ነው አለ፤ እሳቱ ገና ይጨሳል፣ ሰው ግን የለም። ጨዋታው በሩብ ሰዓት አለቀ። «ሦስት ጊዜ ብትጠሩና በሦስተኛው ለምን እንደመጣችሁ ብትናገሩ ይወጡ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

እኔ ምን አደረግሁ? በሚቀጥለው እሑድ ግምገማዬን በሰው ፊት አነበብኩ። «ተጫዋቹ በር ላይ ከመገተር ሌላ ሥራ የለውም። ደራሲው የጨዋታ ሳይሆን የዘበኛ መመሪያ ጽፏል። ከአሥር ሁለት።» ለግምገማ ብዬ በወሰድኩት የገዛ ደብተሩ ላይ ማርኩን በቀይ ጽፌ መለስኩለት። ባለሱቁ አንገታቸውን ደፉ። ጓደኛዬ ፈገግ ብሎ «አመሰግናለሁ» አለና ደብተሩን ጃኬቱ ውስጥ አስገባ። ሁለተኛ አልመጣም። ትምህርት ሲዘጋ ዝውውር ጠይቆ ዳንግላ መግባቱን ከሌላ ሰው ሰማሁ። ስደውል አያነሳም፤ መጀመሪያ በኔትወርክ አሳበብኩ፣ በኋላ ማሳበቡንም ተውኩት።

ከዓመት በኋላ ነው የገባኝ። የራሴን ግምገማዎች ተቀምጬ አነበብኳቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በመጀመሪያው ላይ ሰዎቼ በር ላይ ቆመው ይጣራሉ። በስድስተኛው ላይ የሚጣራ የለም፤ በሩን ሁሉ ሰብረው ይገባሉ። ያን ለውጥ አንድ ሰው አይቶ፣ ተሰምቶት፣ ክረምቱን ሙሉ ጽፎ አሳየኝ። እኔ ሁለት ሰጠሁት። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳንግላ በሚኒባስ ወረድኩ። ባጃጁ ያወረደኝ ሰው ጠይቄ ያገኘሁት ቤቱ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ፊት ነው።

«ቤቶች!»

በሩ ገርበብ ብሏል። በስንጥቁ የእሱን ጫማ አየሁት፤ ተረከዙ የተረገጠ ቡናማ ጫማ። እጄ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት።

«ቤቶች!»

የጎረቤት ሴትዮ በአጥር አሻግራ አየችኝ። ልመለስ ብዬ አንድ እርምጃ ተራመድኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ።

«ቤቶች! እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ከቤት አልመጣም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር። ቀጠን ብሏል። ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ እጄን ያዘኝ።

«ሦስተኛውን ሳትጠራ ትሄዳለህ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለኝ።