ለሰርቪስ ቤቱ ዋይፋይ የዘረጋሁበት ቀን

እናቴ ተቀብራ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ አባቴ ፍራሻቸውን ይዘው ከግቢው ጀርባ ወዳለችው ሰርቪስ ቤት ገቡ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እዚያ ይነፍሳል» አሉኝ። በአዳማ ሙቀት ይህ በቂ ምክንያት ስለሆነ ሌላ አልጠየቅኳቸውም።

ላንጋኖ ሆቴል ውስጥ የምትሠራው እህቴ ግን ደወለችልኝ።

«ሰርቪስ ቤት ዋይፋይ አይደርስም። ፊታቸውን ሳላይ ልሰነብት ነው? አንተ ታውቅበታለህ፣ አስተካክልላቸው።»

ቅዳሜ ጠዋት ዋይፋይ የሚያሰራጩ ሁለት አክሰስ ፖይንቶችና አንድ ጥቅል ኬብል ገዝቼ ሄድኩ። አንዱን ትልቁ ቤት ኮሪደር ላይ፣ ሌላውን ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ልሰቅል ነው። ኬብሉን ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው በፕላስቲክ ቱቦ ከትቼ በአጥሩ ጥግ አሳለፍኩት፤ የብሎኬቱን ግድግዳ ስበሳ ፊቴን አቧራ አለበሰው። በቀብሯ ቀን አላለቀስኩም። ዘመዶቼ ክንዴን ይዘው «አልቅስ፣ ይውጣልህ» ሲሉኝ የሰው ሐዘን ላይ የቆምኩ ነበር የመሰለኝ። ያን ቅዳሜም የሚሠራው እጄ ብቻ ነበር።

የሰርቪስ ቤቱ አክሰስ ፖይንት መጀመሪያ አስቸገረኝ። ስልኬ ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ለካ ዕቃው ራሱን እንደ ራውተር ቆጥሮ ለስልኮቹ የራሱን የኔትወርክ አድራሻ ያድላል። ማደሉን አጠፋሁበት፤ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከሳሎኑ ራውተር ጋር አንድ አደረግኩ። ተስተካከለ።

ከዚያ የተገናኙትን ስልኮች ዝርዝር ከፈትኩ። የእኔ አለ። የአባቴ አለ። ሦስተኛው «እማዬ» ይላል። ስሙን እኔው ነበርኩ ያስገባሁላት።

«አባዬ፣ ስልኳ ክፍት ነው እንዴ?»

ከትራሳቸው ሥር አወጡት። ቻርጅ ሙሉ ነው።

«መሞቷን ያልሰሙ ሰዎች በኢሞ በምስል ይደውላሉ። ነጋዴ አልነበረች? ዝም ከተባሉ ተቀየመችን ይላሉ። ለዚሁ ስል ዋይፋይ ወዳለበት ትልቁ ቤት እየተመላለስኩ ነበር።»

ኬብሉን በሚስማር እየያዝኩ ሳለ የእናቴ ስልክ ጮኸ። እናቴ ሽንኩርት ትረከባት የነበረች የዓለም ጤና ከተማ ገበሬ ናት። አባቴ በኦሮምኛ ሰላም አሏት፤ ቤተሰቧን፣ ማሳዋን ጠየቁ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ነገሯት። ሴትየዋ ጮኻ አለቀሰች። እሳቸው አጽናኗት። ሐዘኑ የእኛ ሆኖ ሌላውን የሚያጽናኑት እሳቸው ናቸው። እኔ መዶሻ ይዤ ቆሜያለሁ።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተደወለ። የእናቴ የመልካሳ ደንበኛ ነው። አባቴ ስልኩን አዩት፣ ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ይሄን አንተ ንገረው።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን።»

ሰውየው ፊቴን ሲያይ ግራ ገባው። «እማማስ? ገበያ ወጡ?»

«አርፋለች» አልኩ። ቃሉን ከአፌ ሳወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሌሎች ይናገራሉ፣ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ድምፄ የይለፍ ቃል እንደሚናገር ሰው ደረቅ ነበር። ሰውየው «አንተስ፣ ደህና ነህ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ» አልኩት። ያኔም እንባ አልመጣም። ብቻ መዶሻውን አስቀምጬ የአባቴ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት እህቴ ደወለች። ምስሉ ጥርት ብሎ ገባ። «አባዬ ከስተዋል» ብላ አለቀሰች። እሳቸው ስለ ላንጋኖ ነፋስ ጠየቋት። እኔ የወዳደቀውን የብሎኬት ፍርፋሪ ጠርጌ፣ የተዋስኩትን መሰላል ለጎረቤት ለመመለስ ወጣሁ።