የዘበኛው ቀይ እስክሪብቶ

የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ሥራቸው ቦርሳ መፈተሽ ነው፤ ከደረት ኪሳቸው ግን ቀይ እስክሪብቶ አይጠፋም። ጠዋት ጠዋት፣ አንባቢ ሳይገባ፣ ጥጉ ላይ ባለው ኮምፒውተር፣ ደብተራቸው ላይ የመዘገቧቸውን ድረ ገጾች አንድ በአንድ ይከፍታሉ። የሠራውን ራይት፣ እምቢ ያለውን ኤክስ ያደርጉታል፣ ልክ እንደ ፈተና ወረቀት። መምህሩም ተመራማሪውም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው።

ትናንት አንዲት ወጣት መምህርት የፊዚክስ ቪዲዮ የት እንደምታገኝ በሩ ላይ ጠየቀቻቸው። አድራሻውን ጽፈው ሰጧት።

«እርግጠኛ ነዎት ይከፈታል?»

«ዛሬ ጠዋት ከፍቼዋለሁ፣ ልጄ። ቢሆንም ቀድመሽ አውርጂው። አርባ ተማሪ ፊት ቆመሽ እምቢ ካለሽ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጥሽ ነው የምትመርጪው።»

«እርስዎ ይህን በምን አወቁ?»

ቀዩን እስክሪብቶ ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

«በይ ቦርሳሽን ክፈቺው» አሏት።